ሽቅብ የቆመው ጂፕ

ጠዋት ከካርሜ ጋት ሰፈር ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንደኛዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው።

«ዛሬም በአውቶቡስ? የባልሽ ጂፕስ?»

«ተዉኝ እትዬ! ጠዋት አይነሳም። እሱ ሲታገል ሰፈሩ ሁሉ ይነቃል፣ ጂፑ ግን ይተኛል።»

«ሶለሩ ነዋ፤ ናፍጣው ቆሽሾ ይሆናላ።»

«ፊልትሮውን ቀየረ። ፓምፑን ቀየረ። አሁን ደግሞ ኢንጀክተሮቹን ካልቀየርኩ እያለ ነው።»

«ሙሳኽ ወስዶ ለመካኒክ አያሳይም?»

«ወሰደው እንጂ። ሰውዬው ገና ከማየቱ ‹ማታ ማታ የት ነው የምታቆመው?› አለው።»

«የት ነው የሚያቆመው?»

«ዳገቱ ላይ ነዋ! አፍንጫውን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ከፎቅ ያሉት ጎረቤቶች ግንባሩን እንዲያዩለት።»

«ይሄ ደግሞ ምን አገናኘው?»

«የነዳጅ ቱቦው ተሰንጥቆ አየር ያስገባል። ሽቅብ ሲቆም ሶለሩ ሌሊቱን ወደ ኋላ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ጠዋት ሞተሩ ምን ይጠጣ?»

«ታዲያ ቱቦውን ቀይሮ አይገላገልም? ወይ ሜዳ ላይ ያቁመው።»

«‹ሜዳ ላይ ማን ያየዋል?› ይላል እኮ! ቱቦ ደግሞ ለሱ ውርደት ነው። የሱ ጂፕ በትንሽ ነገር አይታመምም።»

«በረሃ ለበረሃ እንዞርበታለን ብሎ አልነበር የገዛው? የት የት ወሰደሽ?»

«እስከ ሱፐርማርኬቱ።»

እኔ ደግሞ በጣቴ ሳሽከረክረው የነበረውን የጂፔን ቁልፍ ቀስ ብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።