ጥድ የለበሰው ማሽን

ሚሬይ ሚሾ ፍሬን የረገጠችው ሳታስበው ነው። ወደ ሌላ ደንበኛ ቤት እየሄደች ነበር፤ የአዴላር ሲርን ጓሮ ስታይ ግን ዐይኗን ማመን አቃታት። በመስከረም በገዛ እጇ የተከለችው የሙቀት ፓምፕ፣ ቤት የሚያሞቀው ማሽን፣ አይታይም። በቦታው የጥድ ቅርንጫፍ ተከምሯል፤ አናቱ ላይ ሸራ፣ ሸራው ላይ ገመድ።

በዚያ ወንዝ ዳር ብርድ ሲገባ የቤቱን እግር ዙሪያውን በጥድ ቅርንጫፍ የማያለብስ ሰው የለም። በረዶ ሲከመርበት ነፋስ አያስገባም። ማሽን ያለበሰ ሰው ግን ሚሬይ አይታም ሰምታም አታውቅም።

"አጎቴ! ምን አደረጉት?" ብላ ጮኸች፤ በመንደሩ ሁሉም አጎቴ ነው የሚላቸው።

ሽማግሌው አዴላር መጥረቢያቸውን እንደያዙ ከማገዶው ኋላ ብቅ አሉ። "እንኳን መጣሽ! ይህን ቆርቆሮሽን ነቅለሽ ውሰጂልኝ። ከትናንት ጀምሮ የሚተፋው ብርድ ነው።"

"ለምን ሸፈኑት?"

"ውጭ የሚያድር ነገር አይበርደውም እንዴ? አዘንኩለት!"

"አዝነው አፍነው ሊገድሉት!"

"ቀልዱን ተይው" አሉ አዴላር መጥረቢያቸውን አስቀምጠው። "ሊዮኒ ነገ ከሆስፒታል ትወጣለች። ሐኪሙ ሳንባዋ ጭስም ብርድም አይችልም ብሏል። ቤቱ ካልተስማማት ወደ አረጋውያን ማደሪያ ነው የምትሄደው። ሃምሳ አንድ ዓመት በትዳር አብረን ኖረን! ስለዚህ ምድጃውን ልለኩስ ነው።"

"ጭሱስ?"

"መስኮት እከፍታለሁ።"

"በዚህ ብርድ?"

ጭንቅ የያዘው ሰው አንዱን በር ሲዘጋ ሌላውን ይከፍታል፤ ሁለቱም ወደ ገደል እንደሚያወጡ የሚያየው ዘግይቶ ነው።

"አጎቴ፣ ይህ ማሽን እሳት የለውም። ሙቀትን ከውጭው አየር ቀድቶ ወደ ቤት ያስገባል እንጂ አያነድም።"

"ከየትኛው አየር? ጢሜን በረዶ ካደረገው ከዚህ አየር? በስመ አብ! ትምህርቷን አቋርጣለች ሲሉኝ ሐሜት መስሎኝ ነበር።"

"እውነት ነው፣ አቋርጫለሁ። የቀረውን ራሴ አንብቤ ጨረስኩት። እርስዎ ግን የሰጠሁዎትን መመሪያ እንኳ አላነበቡም፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ 'አትሸፍኑ' ይላል።"

"መመሪያውንማ እሳት አያያዝኩበት።"

ሚሬይ ስቃም ተናድዳም እጃቸውን ይዛ ምድር ቤት አወረደቻቸው። የአጋዘን ሥጋ የሞላበት ማቀዝቀዣ እያጉረመረመ ነበር። "ጎኑን ይዳስሱ።"

አዴላር ዳሰሱና እባብ እንደነካ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። "ይሞቃል! ውስጡ በረዶ፣ ጎኑ ሙቅ!"

"ከሥጋው የወጣው ሙቀት ነው። የእኔ ማሽን ደግሞ ጓሮዎን እንደ ሥጋው ቆጥሮ፣ ሙቀቱን ቤትዎ ውስጥ ይጥላል። በቱቦው የሚዞረው ፈሳሽ ከውጭው አየር የባሰ ቀዝቃዛ ነው፤ ለእሱ ይህ ብርድ ሙቅ ነው። ከአየሩ ሙቀት ተቀብሎ ይተናል። ከዚያ መጭመቂያው ይጨምቀዋል። የብስክሌት ጎማ ሲነፉ መንፊያው አይሞቅም?"

"ያቃጥላል እንጂ!"

"እንዲያ ግሎ ቤት ይገባል፤ ሙቀቱን ይሰጣል፤ ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል፤ ግፊቱ ሲላላ እንደገና ይቀዘቅዛል። አየር ከከለከሉት ግን ከምን ይቅዳ?"

ሁለቱ ወደ ጓሮው ወጥተው ጥዱን ገፈፉ። ማሽኑ የበረዶ ቅርፊት ለብሷል። ሚሬይ አስነሣችው። ጥቂት ቆይቶ ማራገቢያው ቆመ፤ እስስስ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ነጭ ደመና ከማሽኑ ተነሥቶ ጣሪያውን አለፈ።

"እሳት! ተቃጠልን!" አዴላር አካፋ አፈፍ አድርገው በረዶ ሊያለብሱት ሮጡ።

ሚሬይ ክንዳቸውን ያዘች። "ያሽትቱት እስቲ!"

አሸተቱ። ደጋግመው አሸተቱ። "ጭስ ጭስ አይልም።"

"እንፋሎት ነው። ጥቂት ሙቀት ከቤት መልሶ የራሱን በረዶ ያቀልጣል።"

አዴላር አካፋውን ጥለው በማገዶው ላይ ተቀመጡ። "ሰባ ስምንት ዓመት ብርድን ጠላቴ ስል ኖርኩ፤ ለካ ኪሱ ሙሉ ነው!"

"ኪሱን አውቆ ለፈተሸው። በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሁለትም ሦስትም እጅ ሙቀት ያስገባልዎታል፤ ብርዱ ሲጠና ግን ይቀንሳል። ጭስ የለው፣ አመድ የለው። በጋ ሲሆን ደግሞ ተገልብጦ የቤቱን ሙቀት ወደ ውጭ ይጥላል።"

"መብራት ቢጠፋስ?"

"አክስቴ ሊዮኒን ይዘው እኔ ቤት ይምጡ፤ ጄኔሬተር አለኝ።"

አዴላር ቅርንጫፎቹን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህን ሁሉ በከንቱ ቆረጥኩት።"

"በከንቱማ አይደለም። ለቤቱ እግር ያድርጉት። ማሽኑ ያስገባውን ጥዱ ይጠብቀዋል። አባቶቻችን አልተሳሳቱም፤ እርስዎ ቦታውን ሳቱ እንጂ።"

በማግስቱ ሊዮኒ፣ ቤቱ ይስማማት እንደሆነ ልታይ አብራት በመጣች ነርስ ተደግፋ ገባች። ነርሷ ግድግዳው ላይ ያለውን የሙቀት መለኪያ አየች፤ አየሩን ሳብ አደረገች፤ ይስማማታል ብላ የሊዮኒን ካፖርት አወለቀችላት። ሊዮኒ ግን ቀዝቃዛውን ምድጃ በእጇ ነክታ ደነገጠች።

"አዴላር! እሳት ሳይኖር ቤቱን ማን አሞቀው?"

"የጓሮው ብርድ" አሉ ባሏ በኩራት።

ሊዮኒ ወደ ነርሷ ዞራ በሹክሹክታ፣ "ወይ ጉድ! ሁለት ሳምንት ብቻውን ብተወው አበደ" አለች። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ሳልም አልመጣባትም።