ፍሪሲዮኑ ለማን እግር ነው?

መኪናዬ መንገድ መሃል ጭስ ባትተፋብኝ ኖሮ ያን ቀን አባ ጠንክር ጋራዥ ባልገባሁ፣ ይህንንም ታሪክ ባልሰማሁ ነበር። መምህር ነኝና ሰው ሲከራከር ከሰማሁ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እያለች ትተርትብኛለች። አልተሳሳተችም።

አባ ጠንክር ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። ምንም ቢጠየቁ መልሳቸው «ጠንከር ያለው ይሻላል» ነው። ቡሎን ሲያጠብቁም፣ ሻይ ሲያዙም፣ ልጅ ሲመክሩም ያው ናቸው። በሙያቸው ግን አይታሙም።

ስደርስ አንዲት ትንሽ ባለ ቱርቦ መኪና ፍሪሲዮኗ ሊቀየር ተሰቅላ፣ ካምቢዮዋ ከነማርሹ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። የባለቤታቸው መኪና እንደነበረች አውቃለሁ፤ ለልጃቸው ከተሰጠች ገና ብዙ አልቆየችም። ልጅቱ የሜካኒካል ምህንድስና ተምራ የተመረቀች ናት። አባትና ልጅ ጠረጴዛ ከበው የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፉ ሁለት አዳዲስ የፍሪሲዮን ዲስኮች ላይ አፍጠዋል። አንደኛው ዙሪያውን ሙሉ ለሙሉ ልባስ አለው፤ ሌላኛው ተወዳዳሪዎች የሚገጥሙት፣ ጥቂት የብረት ጥርስ ብቻ ያለው ነው። አባ ጠንክር ባለ ጥርሱን ይዘዋል።

«መምህር፣ እንኳን መጡ! ይፍረዱን» አሉኝ፣ ገና ሰላምታ ሳልጨርስ።

«አባባ፣ እስኪ ይረጋጉና ይስሙኝ» አለች ልጅቱ። «ኋላ የገጠሙላት ቱርቦ ለሞተሩ አየር እየጠቀጠቀ ጉልበት ይጨምርለታል። ከፋብሪካ የመጣው ፍሪሲዮን ያን ጉልበት ስለማይችለው ይንሸራተታል። ጠንከር ያለ ያስፈልጋል፤ እስከዚህ ልክ ነዎት።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«ምን ያህል ይጠንክር የሚለው ቀረ።»

«ጥንካሬ ደግሞ ልክ አለው እንዴ? ልጄ፣ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን አቀበት መሃል ጥሎሽ ይቀራል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ወደኋላ ነው! ይሄኛው ግን አንዴ ከነከሰ አይለቅም።»

«ችግሩም እሱ ነው። ውድድር ላይ ሾፌሩ አንዴ ከተነሣ መብረር ነው። ከተማ ውስጥ ግን መሄድ፣ መቆም፣ ትንሽ መሳብ፣ እንደገና መቆም ነው። ይሄ ብረት ቀስ ብሎ መያዝ አያውቅም፤ ወይ ጨርሶ አይዝም፣ ወይ መኪናውን ያዘልላል። ሲያዘልል ካምቢዮውን ይጎዳል። አብሮት የሚገጠመው፣ ዲስኩን የሚጫነው መጫኛ ደግሞ ስፕሪንጉ ከባድ ስለሆነ ፔዳሉ እግር ይሰብራል።»

«ታዲያ ሰው በምን ይመርጣል?» ብዬ ገባሁበት።

«መጀመሪያ ሞተሩ ዛሬ፣ ከነቱርቦው፣ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያወጣ ይጠየቃል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አይደለም። ያንን ችሎ ትንሽ መጠባበቂያ የሚተርፈው ይበቃል። ቀጥሎ ማን ነው የሚነዳው፣ የት ነው የሚነዳው ይባላል። ለከተማ ልባሱ ሙሉ የሆነ፣ መሃሉ ላይ ግጭቱን የሚያበርዱ ስፕሪንጎች ያሉት ዲስክና ከፋብሪካው ትንሽ የጠነከረ መጫኛ ነው የሚሻለው። ከተገጠመም በኋላ እስኪላመድ ድረስ ቀስ እያሉ መንዳት ነው።»

አባ ጠንክር ሳቁ። «መምህር፣ ይሰማሉ? ይህችን መኪና ለእናቷ በገዛ እጄ ነው የሠራኋት። ሚስቴ እህቷ ዘንድ ስትሄድ አቀበቱ እንዳያስቸግራት ብዬ ይሄንኑ ዓይነት ገጠምኩላት። አንድ ቀን አልተንሸራተተም። እሷ ናት እንጂ መንገድ የፈራችው!»

ይህ ቀልዳቸው ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። «ሚስቴ መንገድ ፈራች» ብለው በየግብዣው ሰው ያስቁበታል። ልጅቱ ግን አልሳቀችም።

«አባባ፣ እማዬ መንገድ አልፈራችም» አለች። «እኔም ፈርታ ነበር የሚመስለኝ። መኪናዋን ሰጥታኝ በነዳኋት ቀን ነው የገባኝ። የመኪና ሰልፍ ውስጥ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቤት ገብቼ ‹ይህን እንዴት ቻልሽው?› ብላት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ያበጠ ጉልበቷን አሳየችኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«ምን ብላ ትንገርዎት? ሰው ሁሉ ፊት ‹ለሚስቴ ያልገጠምኩላት የለም› ሲሉ እየሰማች? ‹ደክሞ የሠራልኝን እንዴት ከበደኝ እላለሁ› ነው ያለችኝ። ሆድ ይፍጀው ብላ ቁልፉን ሰቀለችው። አክስቴ የታመመች ጊዜ እንዲወስዷት ለመነችዎት። ሥራ በዝቶብዎት ‹ሳምንት እወስድሻለሁ› አሏት። አክስቴ ሳምንት አልጠበቀችም።»

አባ ጠንክር ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና የተጋደመ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ያሳዘነኝ ክፉ ሰው አለመኖሩ ነው። እሳቸው ለሚስታቸው ሲሳሱ ነው ያጠነከሩት፤ ሚስታቸውም ባላቸውን ላለማሳፈር ነው ዝም ያሉት። በመሃል ቤት አንዲት እህት ሳትጠየቅ ሞተች። ይሉኝታ የምንለው ጨዋነት ስንቱን ቤት እንዲህ በዝምታ እንደሚበላው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት እንደሌለው እየተረትን፣ ከበደኝ ማለትን ግን እንደ ነውር እንቆጥረዋለን።

አባ ጠንክር ተነሡ። «የትኛው ነው ያልሽው?» አሉ። ልጅቱ ልባሱ ሙሉ የሆነውን አቀበለቻቸው። ሌላ ጊዜ እንዲያ ተጠንቅቀው ሲገጥሙ አላየኋቸውም።

የእኔዋ ስላልተጠናቀቀች በዚያችው መኪና አባትና ልጅ ሊያደርሱኝ ተነሣን፤ አባ ጠንክር ግን አስቀድመው ወደ ቤታቸው በር አዞሯት። ባለቤታቸው ጡሩንባ ሰምተው ወጡ።

«ነይ እስኪ፣ ርገጪው» አሏቸው የሾፌሩን በር ከፍተው።

ሴትዮዋ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያም ጉልበታቸውን ደግፈው ገቡ። ፔዳሉን ረገጡት። ለቀቁት። ደግመው ረገጡት።

«እንዲህም ይሆን ኖሯል?» አሉ ቀስ ብለው።

«ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ…»

«ያኔ ብትጠይቀኝ ኖሮ» አሉ እሳቸውም። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

አባ ጠንክር ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «በይ እንግዲህ፣ መንገዱ ያው ክፍት ነው፣ ንጂያት።»

«ወዴት ልሂድባት?»

ቁልፉን ለልጃቸው ሰጥተው ወረዱ።

ከዚያ ወዲህ አባ ጠንክር ያ ቀልድ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ባለ ቱርቦ መኪና የያዘ ሁሉ ሲመጣባቸው «ማን ነው የሚነዳው? እሱ ራሱ ይምጣና ይርገጥልኝ» ይላሉ። ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለአባቱ መርጦ ቢመጣ አይቀበሉም። እንዲህ የተመረጠ ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ሳያባክን ያደርሳል፤ በሰልፍ መሃል አያንገጫግጭም፤ ካምቢዮውም ይከርማል። ከሁሉም በላይ የነጂው እግር ሳይደክም፣ ሰው ሊያየው የፈለገውን ዘመድ በጊዜ ደርሶ ያያል። ደንበኞቻቸው ሲያመሰግኗቸው ግን አይደሰቱም። «ተዉኝ እባካችሁ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የኔ ነገር» ይላሉ።

ባለፈው እሑድ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ልጅቱ ትነዳለች፣ እናትየው ከጎኗ አበባ ታቅፈው ተቀምጠዋል፣ አባ ጠንክር ከኋላ ናቸው። ወዴት እንደሆነ ብጠይቅ አባ ጠንክር «እህቷ መቃብር» አሉኝ።