ይጥፋ ብለን ፈረምን

ከደብረ ታቦር ወደ እብናት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ አንድ ቄስና አንዲት ወጣት ተቀምጠዋል። የተዋወቁት እዚያው ነው።

«አዲስ አበባ ምን ትሠሪ ነበር፣ ልጄ?»

«ሰው በስልኩ የሚለቀውን ቪዲዮ እያየን ክፉውን እናጠፋ ነበር፣ አባ።»

«የተባረከ ሥራ ነው። ታዲያ ምነው ተውሽው?»

«አባረሩኝ እንጂ መች ተውኩት! ሰው ሲገደል የሚያሳየውን ልናጠፋ ስንል፣ አለቆቻችን ‹ብዙ ተመልካች አለው፣ ይቆይ› ይሉናል።»

«እናንተስ ዝም አላችሁ?»

«ኧረ የለም። ተሰብስበን ደብዳቤ ጻፍን። ‹የሟች እናት ታየዋለች፣ ይጥፋ› ብለን አርባ ሠራተኞች ፈረምን።»

«እሰይ! ከዚያስ?»

«አንድ በአንድ እየጠሩ አስፈራሩን። አብዛኛው ፊርማውን ሰረዘ። እምቢ ያልነውን ስድስታችንን በማግስቱ አሰናበቱን።»

«ቪዲዮውስ?»

«አሁንም አለ፣ አባ።»



«እኔም የልጄን ሞት ያየሁት በጎረቤት ስልክ ነው። ፍትሐቱን አድርሼ ቀበርኩት። አለቆችሽ ግን በየስልኩ ዛሬም ይገድሉታል።»

«ውይ አባ... ይፍቱኝ። ማጥፋት ነበረብን።»

«አንቺማ ፈርመሻል። ፈርተው ለሰረዙትም እጸልያለሁ፣ ልጆች ናቸው። ለአለቆቹ ልጸልይ ስል ግን አፌ እምቢ ይለኛል።»

«አይጸልዩላቸው።»

«እንዲህ አይባልም፣ ልጄ። ግን እምቢ ይለኛል።»

ጋፋት ላይ መውረድ ነበረብኝ፤ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።