«አናደደችኝ» ማለት ክልክል ነው

ከጎሬ ወደ መቱ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለውን ጎልማሳ ጠየቁት።

«ገበያ ነው የምትሄደው ልጄ?»

«አይ እትዬ፣ ስብሰባ አለኝ። ሚስቶቻችንን እንመታ የነበርን ወንዶች በየሳምንቱ እንገናኛለን።»

«ወይ ጉድ! ተገናኝታችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ያደረግነውን እንናገራለን። ‹አናደደችኝ› ማለት ክልክል ነው። ‹መታኋት› ብሎ መጀመር ነው።»

«አያሳፍርም?»

«ኤዬ፣ በጣም ያሳፍራል። የመጀመሪያ ቀን ላብ አጠመቀኝ።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ገና ሙሉ በሙሉ አላመነችኝም። ትናንት ግን ወጥ አረረባትና ራሷ እየሳቀች ነገረችኝ። ድሮ እኔ ሳላይ ነበር የምትደፋው።»

«እሰይ! በርታ ልጄ።»

መቱ ውስጥ የት እንደሚሰበሰቡ፣ እኔም ከነሱ አንዱ ልሆን ፈልጌ፣ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩና አፍሬ መልሼ ዘጋሁት።