ከካሴቱ የተረፈው ሃያ ሰከንድ

(ደሴ፣ ፒያሳ፣ ረፋድ ላይ፤ ወይዘሮ ይመኙሻል፣ ባለፈው ሳምንት ወደ ፍላሽ እንዲገለብጥላቸው የሰጡትን አሮጌ የካርቱን ካሴት ለመውሰድ መጥተው በእንድሪስ የፊልም ሱቅ ውስጥ ቆመዋል።)

ይመኙሻል፦ አይደለም አልኩህ እኮ! የኔ ፊልም ይሄ አይደለም።

እንድሪስ፦ ኧረ እትዬ ይመኙ፣ ራሱ ነው! ጃርቷ ያቻት፣ ወንዙም ያውና። ስለታጠበች ነው እንጂ ያው ናት።

ይመኙሻል፦ ማን እጠባት አለህ?

እንድሪስ፦ ቆይ ላስረዳዎት። ሦስት ዓይነቱን ጎን ለጎን አድርጌ አይቻለሁ። የእርስዎ ካሴት አረንጓዴው ቢጫ ሆኗል፣ ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ይዘንባል፣ ድምፁ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። በቪሲዲ የወጣው ቀለሙ ደህና ነበር፤ ግን ጃርቷ መሮጥ ስትጀምር ሰውነቷ እንደ ሸክላ ጡብ አራት ማዕዘን ይሆናል። ዲቪዲው ግን፣ ዲቪዲው እትዬ፣ እሾኋን አንድ በአንድ ይቆጥሩታል! እስቲ ይስሙት፣ ወንዙ በግራ ገብቶ በቀኝ ሲወጣ።

ይመኙሻል፦ ወንዙን ምን ላድርገው? ሰውየውስ?

እንድሪስ፦ የቱ ሰውዬ?

ይመኙሻል፦ የሚያወራው። በአማርኛ የሚያወራው።

እንድሪስ፦ አሃ፣ ያ ለፍላፊ! እሱንማ ገላገልኩዎት። ፊልሙን አላሰማ ብሎ እኮ ነው። ጃርቷ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ስትናገር እሱ ሃያ ይደረድራል። «ገራዶ ገበያ ደርሼ መጣሁ» ሲል ሰማሁት፣ ወላሂ! ጃርት ገራዶ ምን ልትሸጥ ትሄዳለች?

ይመኙሻል፦ እንቁላል።

እንድሪስ፦ እ?

ይመኙሻል፦ እንቁላል ልትሸጥ። ቀጥሎ እንደሱ ነው የሚለው። እንድሪስ፣ ያ ለፍላፊ ባሌ ነው።

እንድሪስ፦ አስተግፊሩላህ…

ይመኙሻል፦ አበጋዝ ይባላል። እዚህ ከናንተ በላይ የነበረው ቪዲዮ ቤት ፊልም ያስተረጉመው ነበር። ቤት ይመጣና ሁለቱን ማጫወቻ አገናኝቶ፣ ማይኩን አፉ ላይ አድርጎ፣ ለልጆች ካርቱን በአማርኛ ያወራል። የዚህ ከተማ ልጅ ሁሉ በሱ አፍ ነው ፊልም ያየው። ልጃችን ትርሲት የስድስት ወር ሕፃን ሳለች ሞተ።

እንድሪስ፦ ነፍስ ይማር። እትዬ፣ እኔ'ኮ… «ጥሩ አድርገህ አውጣልኝ» ነው ያሉኝ።

ይመኙሻል፦ ጥሩ አድርገህ አልኩ እንጂ ሌላ አምጣ አልኩ? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው።

እንድሪስ፦ እሺ ይስደቡኝ። ግን ለምን አልነገሩኝም? «የባሌ ድምፅ አለበት» ቢሉኝ ኖሮ በጣቴም አልነካውም ነበር።

ይመኙሻል፦ ያን ቀን ሱቅህ ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። ብናገር አለቅስ ነበር።

እንድሪስ፦ ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።

ይመኙሻል፦ በል አሁን ይሄን የታጠበውን ተወውና የካሴቱን አምጣልኝ። ቢጫም ይሁን፣ ይዝነብበትም። እሑድ ትርሲትን እድራለሁ።

እንድሪስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት!

ይመኙሻል፦ ገና ደስ አላለኝም። አበጋዝ ፊልሙ ሲያልቅ ልጆቹን መርቆ ነው ማይኩን የሚያስቀምጠው። ሁልጊዜ። ይሄኛው ደግሞ የመጨረሻ ሥራው ነው፤ መሞቱን ያወቀው መሰለኝ፣ የሷን ስም ጠራ። «ትርሲት ልጄ፣ እደጊ ተመንደጊ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» ብሏታል። እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ፣ የአባት ተራ ሲደርስ፣ እሱን ላሰማት ነው።

እንድሪስ፦ እሷ ታውቃለች?

ይመኙሻል፦ ካሴት መኖሩንም አታውቅ። ማጫወቻዎቹን ለተዝካሩ ሸጥኳቸው። ካሴቱን ግን ከነጠላዬ ጋር ሳጥን ውስጥ አኖርኩት። የአባቷን ድምፅ አንድ ቀን ሰምታ አታውቅም። ምነው ፊትህ ጠቆረ?

እንድሪስ፦ እትዬ፣ እስቲ ይቀመጡ።

ይመኙሻል፦ አልቀመጥም። ተቀመጪ የሚባለው መርዶ ሲነገር ነው።

እንድሪስ፦ ካሴቱ ሻጋታ ይዞት ነበር። ግማሽ ላይ ሲደርስ ማጫወቻው ክሩን በላው። ቀስ ብዬ ሳወጣው ላዩ ተልጦ እጄ ላይ ቀረ። ይኸው፣ ፌስታሉ ውስጥ ነው።

ይመኙሻል፦ ግማሹስ? እስከዚያ ድረስ ያለው ኮምፒውተርህ ውስጥ ገብቷል አይደል?

እንድሪስ፦ ገብቶ ነበር። ዲቪዲውን ሳገኝ… ከእንግዲህ ምን ያደርጋል ብዬ አጠፋሁት።

ይመኙሻል፦ ሲያጌጡ ይመላለጡ አሉ። ወይኔ! ሌላ ቅጂ እኮ የለውም። ቪዲዮ ቤቱ ሲዘጋ ካሴቶቹን ሁሉ የሰው ሠርግ ቀዱባቸው። የሰው ሁሉ ሠርግ አበጋዝ ላይ ተቀድቶ፣ የገዛ ልጁ ሠርግ ላይ እሱ ጠፋ።

እንድሪስ፦ እትዬ፣ ምን ልበል… የፈሰሰ ውሃ…

ይመኙሻል፦ አይታፈስም በለኝና በዚህ ፌስታል እልሃለሁ!

እንድሪስ፦ አልልም፣ አልልም። እንዲያው ልጅቷ ሰምታው ካላወቀች፣ የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላልና…

ይመኙሻል፦ ይናፍቃል! ማነው አይናፍቅም ያለው? ትንሽ ሆና መንገድ ላይ ድምፁ ጎርነን ያለ ሰው ሲያወራ በሰማች ቁጥር ቀሚሴን ትጎትታለች። «እማ፣ የአባዬ እንደዚህ ነበር?» አይደለም እላታለሁ። «እንዴት ነበር ታዲያ?» ድምፅ በምን አፍ ይነገራል? ሃያ ሁለት ዓመት «አንድ ቀን ትሰሚዋለሽ» እያልኩ በልቤ ይዤ… ዛሬ ነው የሞተብኝ፣ እንድሪስ። ያኔ አልነበረም።

እንድሪስ፦ እትዬ፣ አያልቅሱብኝ፣ በአላህ። እኔም… ቆይ። ቆይ፣ ቆይ!

ይመኙሻል፦ ምን ሆንክ?

እንድሪስ፦ ሦስቱን ሳወዳድር ከየአንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቆርጬ ነበር። ልዩነቱን ላሳይዎት፣ እንዲያመሰግኑኝ። የካሴቱ ቁራጭ አለ! አላጠፋሁትም!

ይመኙሻል፦ ስንት ነው?

እንድሪስ፦ ሃያ ሰከንድ።

ይመኙሻል፦ ምርቃቱ አለበት?

እንድሪስ፦ እዚያማ አልደረስንም። እትዬ፣ አይቀየሙኝ… «ይሄን ያህል ተበላሽቷል» ልልዎት፣ ድምፁ በጣም የባሰበትን ቦታ መርጬ ነው የቆረጥኩት።

ይመኙሻል፦ አጫውተው።

እንድሪስ፦ ይኸው። «ወንዙን ተሻግሬ እናቴን ሳላገኝማ አልተኛም፣ አለች ጃርቷ» ይላል፣ ከዚያ ይስላል፣ እዚህ ጋ…

ይመኙሻል፦ ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው! …እሱ ነው። ሳሉ ነው። ሦስት ጊዜ ነው የሚስለው፣ ቁጠር። አሁን ደግሞ ውሃ ይለኛል።

እንድሪስ፦ «የኔ ዓለም፣ ውሃ።» ለካ… እኔ ከፊልሙ ነው ብዬ።

ይመኙሻል፦ አልሰጠሁትም። ኩባያው እጄ ላይ ነበር። ብጠጋ ቅጂው ይበላሻል ብዬ በጣቴ «ቆይ» አልኩት። እሱም ዋጥ አድርጎ ቀጠለ፣ ስማው። ያ ኩባያ ይኸው እስከ ዛሬ እጄ ላይ ነው።

እንድሪስ፦ ከኋላ ሕፃን ታለቅሳለች።

ይመኙሻል፦ ትርሲት ናት። ጀርባዬ ላይ። «እሽሩሩ» የምትለዋም እኔ ነኝ። ድገመው።

እንድሪስ፦ ይኸው።

ይመኙሻል፦ ድገመው።

እንድሪስ፦ እትዬ፣ ይቺን እንኳ አሳምሬ ልስጥዎት፣ ልካስዎት። ቀላል ነው። ሳሉን ላውጣ፣ የሕፃኗን ለቅሶ ላጥፋ፣ እሽሩሩውን ልቀንስ፤ የእሳቸው ድምፅ ብቻውን ጥርት ብሎ ይወጣል።

ይመኙሻል፦ እጅህን አንሳ እንድሪስ። እንዳለ ስጠኝ። ምርቃቱን እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እሑድ እኔ እለዋለሁ፣ እሱ ይሳልላት። ያን ሁሉ አጥርተህ ካወጣኸው፣ እኛ ቤት ማን ቀረ?