መጨረሻ የነካነው

የምሠራበት ክሊኒክ አዳማና ባቱ ቅርንጫፍ አለው፤ የሁለቱም ሰርቨሮች እንደ አንድ ተያይዘው ነው የሚሠሩት፤ የአዳማውን የምይዘው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጠዋት ባቱ ከአዳማ ጋር አልገናኝ አለ። የታካሚ ካርድ አልከፈት ብሎ እዚያ ወረፋው ውጭ ድረስ ወጥቷል። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ደውዬ፣ አለቃችንና ባልደረቦቼ እየሰሙ፣ የባቱውን የኮምፒውተር ባለሙያ ገመቹን «አሁንም ያ መስመራችሁ ነው!» ብዬ ጮኽሁበት። እሱ ግን አልተቆጣም። «እህቴ፣ መጀመሪያ ሁላችንም መጨረሻ የነካነውን እንናገር፤ ከራሴ ልጀምር» አለ። ኬብል ቀይሮ ነበር፤ የድሮውን መልሶ ሰካው፣ አሁንም እምቢ አለ። «እሺ፣ እኔ አይደለሁም። አንቺስ?»

ለደኅንነት ብዬ ትናንት የኔትወርኩ ዘበኛ የሆነው ፋየርዎል ላይ የማያስፈልጉ የመሰሉኝን ፖርቶች፣ ማለትም የመረጃ መተላለፊያ በሮች፣ ዘግቼ ነበር። ለካ አንዱ የካርዱ ፕሮግራም ክፍሎች፣ ኮንቴይነሮቹ፣ ከሰርቨር ሰርቨር የሚነጋገሩበት ኖሯል። ከፈትኩት፤ ካርዱም መጣ። «ጥፋቱ የማን ነበር?» አለ አለቃችን። ገመቹ በስልኩ ቀደመኝ፦ «አንድ ፖርት ተዘግቶ ነበር፣ አሁን ሠርቷል፤ ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው! በሉ ሰው እየጠበቀኝ ነው።» ስሜን ሳያነሳ ሊያልፈኝ ነው። እኔ የጮኽሁት እንዲህ ባለ ሰው ላይ ነው! «ቆይ ገመቹ» አልኩት፤ «ስጮኽብህ የሰሙ ሁሉ ይስሙ። የዘጋሁት እኔ ነኝ።»