ከልስኑ በታች የቀሩት ቁጥሮች

ዛሬ አፈር ልናለብሳቸው የቆምንላቸው ሰው ልጄ ናቸው። ሰው የገዛ ልጁን አንቱ አይልም፤ እኔም በሕይወት ሳሉ ብያቸው አላውቅም። ዜና ሕይወት ግን በክብር የሚነበብ ነውና እንደ ደንቡ ጽፌዋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የጎደለውን እናንተ ሙሉት።

ሟች ከእኔ ከገበሬው አባታቸውና ዛሬ በሕይወት ከሌሉት እናታቸው፣ ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በአጨዳ ሰሞን ተወለዱ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ምክንያቱ ካልተነገራቸው የታዘዙትን የማይፈጽሙ ስለ ነበሩ የመንደሩ ሰው «እምቢ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ስሙም ተጣብቆባቸው ቀረ።

አሥረኛ ክፍል ሳሉ እናታቸው እኔን ሳያማክሩ ጊታር ገዙላቸው። ሁለቱንም አንድ ወር ሙሉ አላናገርኳቸውም።

በዚያን ጊዜ ከአንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ጊታር የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጄም እሳቸው ዘንድ ገቡ። ሽማግሌው ለጀማሪ ሁሉ አስቀድመው የሚያስይዙት የተለመዱትን የኮርድ አካሄዶች ነበር። ኮርድ ማለት፣ ኋላ እንደ ተነገረኝ፣ ብዙ ክር አንድ ላይ ተይዞ ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ሲሆን፣ አካሄድ የሚሉት ደግሞ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው የሚኬድበትን፣ ስንቱ ዘፈን የተመላለሰበትን መንገድ ነው። በቁጥር ይጠሩታል፤ አንድ፣ አራት፣ አምስት፣ ተመልሶ አንድ። ልጄ ግን ሁሉ የረገጠውን ከረገጥኩ የራሴ ዘፈን ከየት ይመጣል፣ ጆሮዬ ይበቃኛል ብለው በሦስተኛው ሳምንት ጥለው ወጡ።

ይህን ስሰማ ሽማግሌው ልክ እንደ ሆኑ አውቄአለሁ። እኔ የማርሰው አባቴ ባረሰበት አቅጣጫ ነው፤ ውኃው በየት በኩል እንደሚወርድ እርሱ አይቶታልና። ለልጄ እንዲህ ብዬ ባስረዳቸው ኖሮ ምናልባት ይሰሙኝ ነበር። እኔ ግን «ያንን እንጨት ጣልና እርፍ ጨብጥ» ነው ያልኳቸው። በሳምንቱ ከተማ ገቡ።

በከተማው ከአንድ ባንድ ጋር ሲሠሩ ጆሯቸው ስድስት ዓመት ሙሉ አላሳፈራቸውም። በስድስተኛው ዓመት በአንድ ትልቅ ሠርግ ላይ ዘፋኟን ጉንፋን ይዟት ከፍ ያለው ድምፅ አልወጣ ስላላት፣ መሪው ከጀርባው ጣቶቹን እያጠፈና እየዘረጋ የአካሄዱን ቁጥር በማሳየት ባንዱን ወደ ዝቅተኛው ድምፅና ወደ ሌላ ዘፈን አሻገረው። ሁሉም አብረው ሲሻገሩ፣ ልጄ የጣቶቹን ትርጉም ስላላወቁ ብቻቸውን በፊተኛው ዘፈን ላይ ቀሩ። ከበሮ መቺው በማይክራፎኑ «እምቢ! ሙሽሮቹ እዚህ ናቸው፤ አንተ የማንን ሠርግ ነው የምትጫወተው?» ቢል አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። በማግሥቱ ቦታቸው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ሁለት ዓመት ያህል ጊታሩን ሳይነኩ በእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ከሠሩ በኋላ፣ ወደዚያችው የሽማግሌው ክፍል ተመልሰው ከጀማሪዎች ጋር ተቀምጠው ከአንድ ጀመሩ። ሽማግሌው «ወንበርህ እንዳለ ነው» አሏቸው። መንገዱን ካወቁ ወዲህ የራሳቸውን ዘፈን መሥራት ቻሉ፤ የት ላይ መውጣት እንዳለብኝ ያየሁት መንገዱን ከያዝኩ በኋላ ነው ይሉ ነበር። ሽማግሌው ሲያርፉም ክፍሏን ተረክበው እስኪታመሙ ድረስ አስተማሩ።

በሠላሳ ዓመታቸው ልብስ ሰፊዋን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል። እኔም በሠርጉ ላይ ተገኝቼ ነበር፤ ጊታሩ ሲጀመር ግን ወጥቼ እስኪያልቅ ደጅ ቆሜአለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት የግራ እጃቸው ጣቶች ክር መያዝ ተሳናቸው። ሐኪሞቹ ነርቭን እየገደለ የሚሄድ፣ ከእጅ ወደ እግር፣ ከእግር ወደ ምላስና ወደ ትንፋሽ የሚደርስ በሽታ ነው አሉ። አምና ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። ቀኝ እጃቸው ገና ይታዘዝ ስለ ነበር በየቀኑ በምርኩዝ እየተደገፉ ወደ እህል ቤቱ ይገቡና በግድግዳው ላይ በከሰል ቁጥር ይጽፉ ነበር። በዕድሜያቸው ያገኙትን አካሄድ ሁሉ፣ ከመንገዱ የሚወጣበትን ቦታም ጭምር፣ ለተማሪዎቻቸው እያኖሩ ነበር። አራት ወር ፈጀባቸው። እኔ ምን እንደ ሆነ አልጠየቅኳቸውም።

እህል ከመግባቱ በፊት ነቀዝ እንዳይገባ ግድግዳውን በየዓመቱ በጭቃ እለስናለሁ። ዘንድሮም ልጄ ሐኪም ቤት በሄዱበት ቀን ለሰንኩት። ቁጥሮቹን አይቻቸዋለሁ፤ የሕመምተኛ ጊዜ ማሳለፊያ መስለውኝ ነው። ልጄ ተመልሰው በሩ ላይ ብዙ ቆሙና «አባዬ፣ ጥሩ ተለስኗል» አሉኝ። ምን እንደ ሠራሁ የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው።

በዚያ ሰሞን ቀኝ እጃቸውም ስለ ከዳቸው፣ እሳቸው እየነገሩ ባለቤታቸው በደብተር ይጽፉላቸው ጀመር። በግድግዳው ላይ ከነበረው ግማሹ እንኳ ሳይጻፍ አንደበታቸው ተዘጋ። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የእህል ቤቱ በር በሚታይበት መስኮት ሥር አረፉ።

ልጄ ባለቤታቸውን፣ የስምንት ዓመት ልጃቸውን፣ ታላቅ እህታቸውን፣ እኔን አባታቸውንና አርባ የሚሆኑ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ልስኑን ፈቅፍቄ ሞክሬአለሁ፤ ከሰሉ ከጭቃው ጋር ይረግፋል። ስለዚህ ተማሪዎቻቸው የሆናችሁ፣ ከእሳቸው የተቀበላችሁትን አካሄድ፣ አንድም ቢሆን፣ ቤቴ መጥታችሁ ንገሩኝ። ሙዚቃ አላውቅም፤ ቁጥር ግን እጽፋለሁ። ዘንድሮ እህሉን ሌላ ቦታ አኖራለሁ፤ ግድግዳው ባዶ ነው።

ፈጣሪ የልጄን ነፍስ ከድካም ሁሉ ያሳርፍልኝ፤ እኔ በሕይወት ሳሉ የነፈግኳቸውን ክብር እርሱ ይስጥልኝ። አሜን በሉልኝ።